ለማታ ግብዣ የክት ልብስ ስንመርጥ

በጥሪ ካርድ ግርጌ በደቃቅ ፊደል የምትጻፈውን «አለባበስ፦ ሙሉ ልብስ ወይም የሀገር ባህል ልብስ» የምትል መስመር ብዙ ተጋባዥ ሳያነባት ያልፋታል። የሙያ ማኅበራችን ዓመታዊ የእራት ግብዣ ዘንድሮ በታኅሣሥ አጋማሽ በአንድ የአዲስ አበባ ሆቴል አዳራሽ እንደሚደረግ ገና ከአሁኑ ስለተነገረን፣ ከሴት የሥራ ባልደረቦቼ ጋር በሻይ ሰዓት የምንነጋገረው ስለዚችው መስመር ሆኗል። አንዳንዶቹ ከቦሌ ሱቆች ረጅም የሳቲን ቀሚስ ለመግዛት አስበዋል፤ አንዳንዶቹ ለአንድ ምሽት መከራየት ይሻላል ይላሉ፤ ሌሎቹ ደግሞ የሀገር ልብስ የበዓልና የሠርግ እንጂ የእንዲህ ያለ መድረክ ልብስ አይደለም ብለው ያመነታሉ። እኔ በዚህ ጉዳይ ላይ የጸና አቋም ስላለኝ፣ በአንድ ስኒ ሻይ ተናግሬ የማልጨርሰውን እዚህ በዝርዝር ልጽፈው ወደድሁ።

በእኔ እምነት በእጅ የተሸመነ የሀገር ልብስ ምንም ማሟያ የማያስፈልገው የማታ የክብር ልብስ ነው። ክብሩን የሚያገኘው ግን ከጨርቁ ነው እንጂ ላዩ ላይ ከሚደረደረው ጌጥ አይደለም። ስለዚህ ምርጫው መጀመር ያለበት ከድሩና ከማጉ ሲሆን፣ ቀለሙና ስፌቱ ከዚያ በኋላ የሚመጡ ናቸው። አብዛኞቻችን የምናደርገው ግን የዚህን ተቃራኒ ነው፤ በስልካችን ላይ ያየነውን ፎቶግራፍ ለልብስ ሰፊው አሳይተን «እንዲህ አድርገህ ስፋልኝ» እንላለን፣ ጨርቁ ምን እንደሆነ ግን አንጠይቅም።

«ለእንዲህ ያለ መድረክ አይሆንም» ለሚሉት አስቀድሜ መልስ ልስጥ። የማታ ግብዣን አለባበስ በጥብቅ የሚደነግጉ ታላላቅ መድረኮች ራሳቸው ለብሔራዊ ልብስ በራቸውን ክፍት አድርገዋል። በየዓመቱ ዲሴምበር 10 ቀን በስቶክሆልም ማዘጋጃ ቤት የሚደረገው የኖቤል የእራት ግብዣ ወንዶች ጅራት ያለው ጥቁር ኮትና ነጭ ቢራቢሮ ከራቫት፣ ሴቶች ረጅም የማታ ቀሚስ እንዲለብሱ ያዝዛል፤ ሆኖም ተጋባዡ የአገሩን ብሔራዊ ልብስ ለብሶ ቢመጣ ደንቡን እንዳከበረ ይቆጠርለታል። በ2019 እ.ኤ.አ. በኢኮኖሚክስ ዘርፍ የተሸለሙት አቢጂት ባነርጂና ባለቤታቸው ኤስተር ዱፍሎ ሽልማታቸውን የተቀበሉት እርሳቸው የህንድ ዶቲ፣ ባለቤታቸው ደግሞ ሳሪ ለብሰው ነበር፤ ዱፍሎ በትውልድ ፈረንሳዊት መሆናቸውን ስናስብ ምርጫቸው ይበልጥ ያስደንቃል። ለሥነ ሥርዓት እጅግ የሚጠነቀቀው የስዊድን መድረክ ዶቲንና ሳሪን በክብር ከተቀበለ፣ በገዛ ከተማችን በሚደረግ ግብዣ ላይ የጥበብ ቀሚስ «ያንሳል» ብሎ መጨነቅ ተገቢ አይመስለኝም።

አሁን ወደ ጨርቁ ልግባ። ከስድስት ኪሎ ተነሥቶ የአሜሪካን ኤምባሲ አልፎ ወደ እንጦጦ በሚወጣው መንገድ ላይ የተደረደሩትን የሽሮ ሜዳ ሱቆች የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው ያለ አይመስለኝም። በየሱቁ ደጃፍ የተሰቀሉት ቀሚሶች ከሩቅ ሲታዩ ሁሉም አንድ ይመስላሉ፤ ልዩነታቸው የሚታወቀው ቀረብ ብሎ በጣት ሲዳሰሱ ነው። በእጅ የተፈተለ ጥጥ በማግነት የገባበት ጨርቅ በጣት ሲታሽ እዚህም እዚያም ወፈር ያሉ የክር ቦታዎች ይገኙበታል፣ ብርሃንን አያንጸባርቅም፣ ሲለበስም ወደ ታች ክብደቱን ጥሎ ይወርዳል። መነን የሚባለው ደግሞ ቀጠን ያለና ወጥ ስለሆነ እንደ ፈሳሽ ይተኛል፤ ሽንሽን ለበዛበት ቀሚስ የሚመረጠውም ስለዚህ ነው። ሁለቱም ለማታ ይሆናሉ። የትኛው እንደሚሻል የሚወስነው የለባሿ ቁመናና የቀሚሱ ስፌት ነው፤ እኔ ግን በብርዱ ወራት ፈትሉን እመርጣለሁ።

ሦስተኛው ዓይነት በሱቆቹ ውስጥ ከዓመት ዓመት እየበዛ የመጣው፣ ጥበቡ በማሽን የታተመበት ሰው ሠራሽ ጨርቅ ነው። ይህን ለይቶ ማወቅ ከባድ አይደለም። ቀሚሱን ገልብጦ የጥበቡን ጀርባ ማየት በቂ ነው፦ በሸማኔ እጅ የተሠራ ጥበብ ክሩ ከጨርቁ ጋር አብሮ ስለተሸመነ በጀርባውም በኩል ቀለሙና የክሩ ጉዞ ይታያል፤ የታተመው ግን ጀርባው የደበዘዘ ወይም ጨርሶ ነጭ ነው። አሁንም ጥርጣሬ ካለ ከጠርዙ አንዲት ክር መዝዞ በክብሪት መለኮስ ይቻላል፤ ጥጥ እንደ ወረቀት ሸትቶ ወደ አመድ ሲለወጥ፣ ሰው ሠራሹ ክር ቀልጦ ጠንካራ እንክብል ይሆናል። በዋጋው ምክንያት የታተመውን የሚገዛ ሰው አልወቅስም፤ ልጆችን ለበዓል ለማልበስ ሌላ አማራጭ የሌላቸው ብዙ ቤተሰቦች እንዳሉ አውቃለሁ። ለማታ ግብዣ ግን አይመከርም፤ ከፎቶ ካሜራ ብርሃን ፊት እንደ ፕላስቲክ ያበራል፣ ሰው በሞላበት አዳራሽ ውስጥም ያልባል። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ የሸማኔውን እንጀራ የሚነጥቀው እርሱ ነው፤ ይህን ስናገር ዝም ብሎ ማለፍ የማይቻለኝ ጉዳይ መሆኑን አልደብቅም።

የሽሮ ሜዳና የአካባቢው ሸማኔዎች ብዙዎቹ የጋሞ ተወላጆች ሲሆኑ፣ ሙያው ከአርባ ምንጭ በላይ ካሉት ከጨንቻና ከዶርዜ ተራሮች ከአባት ወደ ልጅ እየተላለፈ የመጣ ነው። ሸማኔው በጉድጓዱ አፋፍ ተቀምጦ፣ እግሮቹን ወደ ጉድጓዱ አውርዶ መርገጫውን እያፈራረቀ ይረግጣል፤ መወርወሪያውን ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ እየላከ ነጩን ክፍል በፍጥነት ያስኬደዋል። ጥበቡ ላይ ሲደርስ ግን ያ ሁሉ ፍጥነት ይቆማል። የድሩን ክሮች በጣቱ እየለየ፣ ባለቀለሙን ክር በመካከላቸው እያሳለፈ፣ ረድፍ በረድፍ እየመታ ይሠራዋል። ከጉልበት እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ሰፊ ጥበብ ሳምንታት የሚፈጅበት፣ ዋጋውም ከፍ የሚለው ስለዚህ ነው። ዓለም የዚህን እጅ ዋጋ መረዳት ከጀመረ ቆይቷል፤ ሞዴል ሊያ ከበደ በ2007 እ.ኤ.አ. «ለምለም» የተሰኘውን የልብስ ድርጅት ያቋቋመችው የአገሯ ሸማኔዎች ገበያ እንዲያገኙ በማሰብ ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ ለራሴ ልብስ ለማዘዝ የሄድሁበት ሸማኔ ብዙ ዘመን የሠሩ አዛውንት ናቸው። ጥበቡ ሰፊ እንዲሆንልኝ ስነግራቸው መጀመሪያ የጠየቁኝ የት እንደምለብሰው ነው።

«ጋሼ፣ ለማታ ግብዣ ነው፤ አዳራሽ ውስጥ።»

«እንግዲያው ልጄ፣ ጥበቡ አይስፋ። ድሩ ጠበቅ ይበልና ጥበቡ ጠባብ ሆኖ ጥልቅ ቀለም ይኑረው። ጠረጴዛ ስር ለሚደበቅ ነገር ገንዘብሽን አታፍስሺ፤ ሰው ተቀምጦ የሚያየው አንገትና እጅጌን ነው።»

ይህ ምክር ስለ ማታ ግብዣ ካነበብሁትና ከሰማሁት ሁሉ ይበልጥብኛል። በሠርግና በጥምቀት ሰው ቆሞና እየተራመደ ስለሚውል የቀሚሱ ግርጌ ይታያል፤ የእራት ግብዣ ግን አብዛኛው ጊዜ የሚያልፈው በመቀመጥ ነው። ስለዚህ ጥልፉም ሆነ ጥበቡ ከደረት በላይና በእጅጌ ጫፍ ላይ ቢያርፍ ለዓይንም ይቀርባል፣ ለሸማኔውም ለጠላፊውም ጊዜ ይቆጥባል።

ስለ ጊዜ ካነሣን፣ ከሁለት ወር ላነሰ ጊዜ የሀገር ልብስ ማዘዝ አይመከርም። በተለይ የታኅሣሥ ግብዣ ከገናና ከጥምቀት በፊት የሚውል በመሆኑ፣ ታኅሣሥ 29 እና ጥር 11 የሚደርሱ የበዓል ትእዛዞች ሁሉ በዚያው ወር በሸማኔውና በልብስ ሰፊው ላይ ይከማቻሉ፤ ጥር ደግሞ የሠርግ ወር ስለሆነ የሙሽሮች ልብስ ይጨመርበታል። ቀብድ ከፍሎ ቀኑን በጽሑፍ ማስፈር፣ ቀጠሮውንም ከግብዣው ዕለት ሁለት ሳምንት ቀደም አድርጎ መያዝ ብልህነት ነው። ትርፍ ጊዜው ለልክ ማስተካከያ ይጠቅማል። በእጅ የተፈተለ ጥጥ በመጀመሪያው እጥበት ስለሚሰበሰብ፣ ልብስ ሰፊው ቁመቱን ሲቆርጥ ይህን እንዲያስብበት መንገርም አይዘነጋ።

ቀለምን በሚመለከት የምለው ብዙ አይደለም። የሆቴል አዳራሾች መብራት አብዛኛውን ጊዜ ወደ ቢጫ የሚያደላ ስለሆነ በቀን ብርሃን የወደድነው ሐምራዊ ወይም ሰማያዊ ጥበብ በማታ ሊጨልምብን፣ ወርቃማው ደግሞ ከሚገባው በላይ ሊደምቅ ይችላል። ስለዚህ የክሩን ናሙና ወደ ቤት ወስዶ በማታ በአምፖል ብርሃን ማየት ያስፈልጋል። ሙካሽ፣ ማለትም የሚያብረቀርቅ ወርቃማ ወይም ብርማ ክር፣ የገባበት ጥበብ ለማታ የተፈጠረ ያህል ያምራል፤ ነገር ግን ሙካሽ ካለ አንገት ላይ ትልቅ ወርቅ አይጨመርበትም፤ ወይ ጥበቡ ይናገር፣ ወይ ጌጡ ይናገር። ነጭ ጥጥ በካሜራ ብልጭታ ፊት የውስጡን አሳልፎ የማሳየት ጠባይ ስላለው ደግሞ በሙሉ ቁመቱ ገበር ሊገባለት ወይም ከሥሩ ከገላ ጋር የሚመሳሰል ጁፖን ሊለበስ ይገባል።

ጥቁር ቀሚስ ለማታ መልበስ በከተማችን እየተለመደ መጥቷል፤ በእኔም ዕድሜ ላሉት ነውር የለበትም። ይሁን እንጂ በግብዣው ላይ እናቶችና አዛውንት የሚገኙ ከሆነ ጥቁር ለእነርሱ ዛሬም የሀዘን ልብስ መሆኑን ማሰብ ጨዋነት ነው። የቅርብ ሰው ሞቶባት ዓመት ሙሉ ጥቁር የለበሰች እናት፣ ልጇ ደስታ ቤት በጥቁር ስትገባ የሚሰማትን እኔ ከእናቴ ፊት አንብቤዋለሁ። ጥቁር የምትወድ ሰው ጥልቅ አረንጓዴ ወይም የወይን ጠጅ ቀለም ብትመርጥ ተመሳሳዩን ግርማ ታገኛለች።

የእጅጌው ጉዳይ ትንሽ ቢመስልም በማዕድ ላይ ትልቅ ነው። ሰፊና ረጅም እጅጌ በፎቶግራፍ ላይ ያማረ ቢሆንም፣ እንጀራ በእጅ ሲቆረስና ወጥ ሲጠቀስ ጫፉ ከሳህኑ ይደርሳል። ከክርን ዝቅ ብሎ የሚቆም ወይም አንጓ ላይ ጠበብ ያለ እጅጌ ይሻላል። ልብሱን ለመጨረሻ ጊዜ ስንለካም ቆመን ከመስታወት ፊት በመዞር ብቻ መወሰን የለብንም፤ ወንበር ላይ ተቀምጠን፣ እጃችንን ወደ ጠረጴዛ ዘርግተን፣ ደረጃ ወጥተን ልናየው ይገባል። ወገቡ ላይ የጠበበ ቀሚስ ሲቀመጡ ትንፋሽ ያሳጥራል፤ ሦስት ሰዓት ያህል ተቀምጠው ንግግር በሚያዳምጡበት ምሽት ይህ ቀላል አይደለም።

ከሁሉ ይበልጥ እንድናስብበት የምፈልገው ግን ነጠላውን ነው። ነጠላ እንዳገኙ ትከሻ ላይ የሚጣል ነገር አይደለም፤ አለባበሱ ራሱ ይናገራል። ለቤተ ክርስቲያን መስቀልያ ይጣፋል፤ ለማስተናገድና ትሕትናን ለማሳየት ወገብ ላይ ያደገድጉታል፤ በሀዘን ጊዜ ጥበቡ ወደ ላይ ወደ አንገት ዞሮ ይዘቀዘቃል። ለደስታ ቤት ጥበቡ ወደ ታች ወርዶ መታየት አለበት። ይህን የማያውቁ ወጣቶች ነጠላቸውን ለፎቶግራፍ እንዲያምር ብለው ጥበቡን ወደ አንገታቸው አዙረው ሲገቡ አይቻለሁ፤ አዳራሹ ውስጥ ያሉ ትልልቅ ሰዎችም ወዲያው ሲያስተውሉት፣ አንዲት እናት ጠጋ ብለው በፍቅር ሲያስተካክሉላቸው ተመልክቻለሁ። ከመውጣታችን በፊት እናቶቻችንን ወይም አክስቶቻችንን አንድ ጊዜ ብንጠይቅ የሚቀርብን ነገር የለም።

በተግባር ረገድ ደግሞ ለማታ ግብዣ ነጠላው ቀጠን ያለ፣ ጫፉ በጥንቃቄ የተቋጨ፣ ከቀሚሱም ጥበብ ጋር በአንድ ሸማኔ አብሮ የተሠራ ቢሆን ይመረጣል። ከሌላ ቦታ የተገዛ ነጠላ ነጭነቱ ከቀሚሱ ነጭነት ጋር ስለማይገጥም በመብራት ሥር ልዩነቱ ይጎላል። ሳህን ይዞ ምግብ ለማንሣት በሚቆምበት ሰዓት ከትከሻ እንዳይንሸራተት በግራ ትከሻ ላይ ከውስጥ በኩል በመርፌ ቁልፍ መያዝ፣ ወይም ባማረ ብሮሽ ከላይ ማያያዝ ይቻላል። ማዕዱ ሲጀመር ነጠላውን አጥፎ በጉልበት ላይ ማኖር ነውር አይደለም።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ የምትገኝ ከተማ ናት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። ሆኖም ብዙዎቻችን ክንዳችንን አጋልጠን ወጥተን፣ መኪና እስኪመጣ በሆቴሉ ደጃፍ ላይ የቢሮ ጃኬት ደርበን እንቆማለን፤ ያን ያህል የተደከመበት አለባበስ በአንድ ጃኬት ይበላሻል። ለዚህ መፍትሔው ድሮም ያለ ነው፦ ካባ። ጥልቅ ቀለም ካለው ከፋይ የተሰፋ፣ ጠርዙ ብቻ በሙካሽ የተጠለፈ ካባ ከብርዱም ያድናል፣ ወደ አዳራሹ ሲገቡም ግርማ ይሰጣል። የሙሽራ ካባ እንዳይመስል ግን ጥልፉ ከጠርዝ አልፎ ጀርባውን መሙላት የለበትም።

ፀጉር በሹሩባ ቢሠራ ከጥበብ ቀሚስ ጋር የሚስተካከለው የለም፤ ከግብዣው ሁለት ቀን ቀድሞ መሠራቱ ራስን ከማሳመም ያድናል። ጫማን በሚመለከት ቀሚሱ የተለካበት የታኮ ከፍታና ለግብዣው የሚደረገው ጫማ አንድ መሆን አለባቸው፤ ከዚህ የተረፈው የየሰው ምርጫ ነው።

ለወንዶች አጠር አድርጌ ልናገር። ሙሉ ልብስ የሚመርጡ ጥቁር ወይም ጥልቅ ሰማያዊ ሱፍ፣ ነጭ ሸሚዝና አንድ ወጥ ቀለም ያለው ከራቫት ይልበሱ፤ ጫማው በማሰሪያ የሚታሰር ጥቁር ቆዳ ይሁን። የሀገር ልብስ የሚመርጡ ደግሞ ነጭ እጀ ጠባብ ከነሱሪው ለብሰው ኩታ ቢደርቡበት ከየትኛውም ሱፍ ጋር ተስተካክሎ ይታያል፤ ለብርዱም ጥቁር የሱፍ በርኖስ አላቸው። ከሙሉ ልብስ በላይ የጥበብ ሻርፕ ጣል ማድረግ የተለመደ ሆኗል፤ እኔ ግን ሁለቱንም የሚያጎድል ሆኖ ስለሚታየኝ አንዱን መርጠው ቢጨርሱት እመክራለሁ። ባልና ሚስት አንድ ዓይነት ጥበብ ማሠራታቸውም ያማረ ልማድ ነው፤ በግብዣ ላይ ግን በእርሱ አንገትና በእርሷ እጅጌ ላይ ያለው ቀለም ቢገጥም በቂ ነው።

በአሜሪካ ሜሪላንድ የምትኖረው የአክስቴ ልጅ በመሥሪያ ቤቷ ወንዶች ጥቁር ኮትና ጥቁር ቢራቢሮ ከራቫት በሚለብሱበት የ«ብላክ ታይ» ግብዣ ተጠርታ ምን እንደምትለብስ በስልክ ስትጠይቀኝ የነገርኋት ከዚህ የተለየ አይደለም። አስቀድማ አስተናጋጆቹን ብሔራዊ ልብስ ይፈቀድ እንደሆነ ብትጠይቅ አብዛኛውን ጊዜ በደስታ ይቀበሏታል፤ ቀሚሱ ግን እስከ መሬት የሚደርስ፣ ጨርቁ ጠበቅ ያለ፣ ጥበቡም አንድ ቀለም ያለው ቢሆን ከጥቁር ኮቶችና ከሐር ቀሚሶች መካከል ሚዛኑን ጠብቆ ይቆማል። ልኳን በሴንቲ ሜትር ጽፋ ስትልክ የታኮዋን ከፍታ ጨምራ እንድትጽፍ፣ ልብሱም ሲደርሳት ሙካሹን በግልባጩ በኩል ስስ ጨርቅ ደርባ በዝቅተኛ ሙቀት እንድትተኩሰው ነግሬያታለሁ። እዚያ ያሉ የልብስ ማጠቢያ ቤቶች ጥበብን እንደ ተራ ጥጥ በኃይለኛ እንፋሎት ስለሚተኩሱት ለእነርሱ ባትሰጠው ይሻላል።

የእኔን ልብስ በተመለከተ ጋሼ እንዳሉት ጠባቡን ጥበብ በጥልቅ አረንጓዴ አዝዣለሁ፤ ነጠላውም ከዚያው ድር ይወጣል። ካባውን የእናቴን አድሼ እደርባለሁ። ለባልደረቦቼም ያልኋቸው ይህንኑ ነው፦ ትእዛዝ ለመስጠት ጊዜው አሁን በመሆኑ፣ የፈለገች በመጪው ቅዳሜ ጠዋት፣ ገበያው ሳይሞላ፣ አብረን ሽሮ ሜዳ እንውጣ፤ የክር ናሙናም ለየአንዳንዳችን እንዲቆረጥልን አስቀድሜ ለሸማኔው ነግሬያቸዋለሁ።